ዛንዚባር ሄደን ባሕር ልንጠልቅ ነው፤ እስቲ ምከሩን

የተሁለደሬው፦

ሰላም የሀገሬ ልጆች፣ እንዴት ናችሁ?

እኔ ሐይቅ ከተማ ተወልጄ ያደግኩ፣ አሁን ደሴ ሆጤ የምኖር ሰው ነኝ። የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አለችኝ። ባለቤቴ መምህርት ናት። ከተጋባን ሦስት ዓመታችን ነው። በሠርጉ ሰሞን ገንዘቡ ሁሉ በድንኳንና በሰንጋ አለቀና ጫጉላ ሳንወጣ ቀረን። ዘንድሮ ዕቁብ ደረሰኝ። እሷ "ሶፋው ይቀየር" አለች። እኔ ደግሞ አንድ ማታ ስልኬ ላይ ቪዲዮ አየሁ። ሰውዬው ባሕር ሥር ሆኖ፣ አንዲት የባሕር ኤሊ አጠገቡ ሣር ትግጣለች። ልክ እንደ ላም! እንቅልፍ አጣሁ።

ሦስት ቀን ቡና ላይ ተከራከርን። አቦሉ ላይ እሷ ትረታለች፣ ቶናው ላይ እኩል እንሆናለን፣ በረካው ላይ እኔ እረታለሁ። በመጨረሻ እሺ አለች። "እኔን ግን ውሃ ውስጥ አታስገባኝም" የሚል ማስጠንቀቂያ ጨምራ ነው።

ቦታው ዛንዚባር እንዲሆን አስበናል። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ፣ ርቀቱም ሦስት ሰዓት ያህል ነው። የምንሄደው ጥር መጨረሻ፣ ትምህርት ቤት ለመንፈቁ ሲዘጋ። ሰባት ሌሊት። አሁን ጥያቄዎቼ፦

እኔ ዋና እችላለሁ። ሐይቅ ዳር ያደገ ልጅ ካልዋኘ ማን ሊዋኝ ነው? እሷ ግን ውሃ የምታውቀው በባልዲ ነው። በስኩባ፣ ማለትም የአየር ሲሊንደር ተሸክማ፣ ጠልቃ አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። አንድ ቀን ሞክሮ መውጣት ይሻላል ወይስ ሙሉ ኮርሱን መውሰድ? ደሴቲቱ ላይስ በየትኛው በኩል እንረፍ? የሚያጠልቀውን ድርጅት ጥሩና መጥፎ በምን እለያለሁ? አማቴ ደግሞ "ሻርክ" እያሉ ሱባኤ ሊገቡ ነው። ለእሳቸውም የምነግራቸው ነገር ስጡኝ።

ሌላም አንድ ነገር። ቤታችን ድረስ ሐይቅ እያለ ቀድሜ እዚያው ብለማመድስ?

ቦርከና ዳር፦

ሶፋው ይሻልህ ነበር። ሶፋ ላይ ሆነህ ቪዲዮውን በነፃ ታያለህ።

የምሬን ግን፣ ሂዱ። እኔ ያየሁት ትልቁ ውሃ ክረምት ላይ የሞላው ቦርከና ነው። ስትመለስ ፎቶ ካላሳየኸኝ ሱቅህ መጥቼ የኤሌክትሪክ ገመድ በዱቤ እወስዳለሁ።

ከወልድያ የወጣሁ፦

ወንድሜ፣ እኔ ኑንግዊ ውስጥ አንድ ሆቴል ማድ ቤት ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ኑንግዊ የዛንዚባር ሰሜን ጫፍ ናት። ኮርሱንም እዚያው ተማርኩ። የማውቀውን ልንገርህ።

ጊዜው ጥሩ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ወቅት ነው፤ ውሃው 28 እና 29 ዲግሪ ይደርሳል። ሻወር እንደመግባት ነው። ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት ግን ማሲካ ነው፣ ዶፉን ያወርደዋል። በዚያን ጊዜ ርካሽ ሆቴል ታገኛለህ፣ ፀሐይ አታገኝም።

ማረፊያችሁን ኑንግዊ ወይም ኬንድዋ አድርጉ። ምክንያቱን ልንገርህ። በምሥራቁ በኩል፣ ፓጄና ጃምቢያኒ ላይ፣ ባሕሩ በቀን ሁለቴ እየሸሸ እስከ ሩቅ ድረስ አሸዋ ብቻ ይተዋል። ሴቶቹ የባሕር አረም የሚያለሙት እዚያ ላይ ነው፤ ለማየት ደስ ይላል፤ ውሃ ፈልገህ ለሄድክ ግን ግማሽ ቀንህን በእግርህ ትሄዳለህ። የባሕር ጃርትም አለ፤ እሾሁ እግር ውስጥ ከገባ ጉድ ነው። ጫማ ሳታደርግ አትርገጥ። ሰሜኑ ላይ ግን ባሕሩ ያን ያህል አይሸሽም።

ለጀማሪ ምኔምባ የምትባለው ትንሽ ደሴት ዙሪያ ጥሩ ነው። ደሴቲቱ ራሷ የግል ሎጅ ናት፣ አትወርድባትም። ዙሪያዋ ያለው የኮራል ድንጋይ ግን ክፍያ ከፍለህ የምትጠልቅበት ጥብቅ ስፍራ ነው። ኤሊ እዚያ አለልህ። ሌቨን ባንክ የሚባል ቦታ ሊወስዱህ ካሰቡ ግን እምቢ በል፤ ጥልቅ ነው፣ ሞገዱ ኃይለኛ ነው፣ ለጀማሪ አይሆንም። ፔምባ የምትባለው ደሴትም ሌላ ጊዜ። ቹምቤ የምትባል ደሴት ደግሞ አለች፣ እዚያ በስኩባ መጥለቅ ጭራሽ ክልክል ነው፤ በማስክና በመተንፈሻ ቱቦ ላይ ላዩን እያዩ መንሳፈፍ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ለሚስትህ ምናልባት እሷ ትሻላት ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው። የሙከራ መጥለቅ የሚባል አለ። ጠዋት ያስረዱሃል፣ ገንዳ ውስጥ ወይም ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ያለማምዱሃል፣ ከዚያ አስተማሪው አጠገብህ ሆኖ ይዞህ ይወርዳል። ከ12 ሜትር አያልፍም። የዋና ፈተና የለውም። ስለዚህ ባለቤትህ ዋና ባትችልም ውሃ ካላስደነገጣት ትችላለች። ሙሉ ኮርሱ ሦስት አራት ቀን ይወስዳል፤ እስከ 18 ሜትር የሚያስጠልቅ ወረቀት ይሰጥሃል። እሱ ግን ፈተና አለው፦ ሳታቋርጥ 200 ሜትር መዋኘትና 10 ደቂቃ ሳትሰምጥ መንሳፈፍ። ፍጥነት አይጠየቅም። ለሰባት ሌሊት ከሆነ እኔ የምመክርህ ሁለታችሁም መጀመሪያ ሙከራውን አድርጉ። ሙከራው እኔ በነበርኩበት ጊዜ ከመቶ ዶላር ከፍ ይል ነበር፣ ኮርሱ አምስት መቶ አካባቢ።

ድርጅት ስትመርጥ ዋጋ አትጠይቅ። ማለቴ መጨረሻ ላይ ጠይቅ። መጀመሪያ "ለአንድ አስተማሪ ስንት ጀማሪ ነው?" በል። ከአራት በላይ ካሉህ ውጣ። እኔ ብሆን ከሁለት በላይም አልስማማም። ከዚያ "ጀልባችሁ ላይ የድንገተኛ ኦክስጅን አለ?" በል። ከዚያ "የጤና መጠይቁ የታለ?" በል። መጠይቁን ሳያስሞሉ ጃኬት የሚያለብሱህ ከሆነ ሰላምታ ሰጥተህ ሂድ።

ሻርኩን ለአማትህ እንዲህ በላቸው፦ ሁለት ዓመት ስኖር አንድም አላየሁም፣ ባይ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ይኼን ሁለተኛውን ግን አትንገራቸው።

ወረቀቱን አትርሳ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከእኛ ሀገር ለሚሄድ ሰው ይጠየቃል። ቪዛውን ቀድመህ ከኤምባሲው አጣራ፣ የመጨረሻ ሳምንት ላይ አትድረስ። ከፈረንጆቹ 2024 ጥቅምት ወዲህ ደግሞ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ሰው ሁሉ የደሴቲቱን ኢንሹራንስ 44 ዶላር ይገዛል፤ ሌላ ኢንሹራንስ አለኝ ብትልም አይሰሙህም። መጥለቅን ይሸፍን እንደሆነ ግን አንብብ።

ሲስተር ከሸዋ በር፦

ልጄ፣ ስለ ባሕር አንድም ነገር አላውቅም። ስለ ጆሮ ግን ሃያ ዓመት አይቻለሁ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ስትወርድ ጆሮህ ድፍን አይልም? ምራቅህን ስትውጥ ጧ ብሎ ይከፈታል። ያ ሁሉ ቁልቁለት ጆሮህ ላይ የሚጨምረው ግፊት፣ ውሃ ውስጥ ሲሆን አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ልብ በል! በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል የሚፈጀውን፣ ውሃ ውስጥ በአንድ ትንፋሽ ትወርደዋለህ። ስለዚህ አፍንጫህን ቆንጥጠህ፣ አፍህን ዘግተህ፣ ቀስ ብለህ መንፋት ነው። ካመመህ በኋላ አይደለም፣ ሳያምምህ በፊት ነው የሚጀመረው፤ በየግማሽ ሜትሩ ብታደርገው አይበዛም። እምቢ ካለ በኃይል አትንፋ። ከፍ በልና እንደገና ሞክር። በኃይል የሚነፋ ሰው ታምቡሩን ቀድዶ ነው እኔ ዘንድ የሚመጣው።

ጉንፋን ከያዘህ አትግባ። አደራ። የደሴ የጥር ብርድ ደግሞ ታውቀዋለህ። "ኪኒን ውጬ እገባለሁ" የምትለዋን ነገር ተዋት፤ ኪኒኑ ታች እያለህ ኃይሉ ያልቅና ስትወጣ ያሰቃይሃል።

አስም ያለበት፣ የልብ ሕመም ያለበት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሐኪም ሳያየው አይሞክር። ባለቤትህ ደግሞ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ወይም ልትሆን ትችላለች ብላ ከጠረጠረች፣ አትጥለቅ። ዳርቻው ላይ ተቀምጣ የኮኮናት ውሃ ትጠጣ።

ሰው ደግሞ "ኦክስጅን ተሸክሞ ገባ" ይላል። ያ ሲሊንደር ውስጥ ያለው እኛ የምንተነፍሰው አየር ነው፣ ተጨምቆ። ይኼን ያህል እንኳ አንብቤያለሁ።

የተሁለደሬው፦

እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከወልድያ የወጣኸው ወንድሜም ተባረክ። ቦርከና ዳር፣ ዱቤ የለም።

ሚስቴ ሁሉንም አነበበችው። "የዋና ፈተና የለውም" የሚለው ላይ ስትደርስ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ።

የሐይቁን ነገር ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ከወልድያ የወጣሁ፦

ሳልመልስ የቀረሁት ረዥም ስለሆነ ነው። ዋና ለመለማመድ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ሂድ። በስኩባ መጥለቅ ግን አይሆንም። ውሃው ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ከዚያ ደግሞ ያለው ከባሕር ጠለል ወደ 2,000 ሜትር ተጠግቶ ነው። ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ ያለ ውሃ ሁሉ በጠላቂዎች ቋንቋ የከፍታ ውሃ ነው፤ ስሌቱ ይለያል፣ ሥልጠናው ይለያል። ደግሞ ማን ነው ሲሊንደር የሚሞላልህ?

ከፍታ ካልን አይቀር፣ ሆቴሉ ውስጥ ያገኘኋቸው ፈረንጆች ያላሰቡት፣ የእኛ ሰው ግን ማሰብ ያለበት ነገር አለ። እኔም የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ስትጠልቅ በግፊቱ ምክንያት ናይትሮጅን ደምህ ውስጥ ይሟሟል። ስትወጣ ቀስ እያለ ይወጣል። ቶሎ ከፍታ ላይ ከወጣህ ግን እንደተከፈተ ሚሪንዳ ይፈላል። ሕመሙ መገጣጠሚያ ላይ ነው የሚጀምረው፣ ሲብስ ሽባ ያደርጋል። ለዚህ ነው ከመጥለቅ በኋላ ወዲያው አትብረር የሚሉት፤ አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቅህ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለተከታታይ ቀናት ከጠለቅህ 18። ብዙዎቹ በደፈናው 24 ይላሉ፣ አንተም 24 ያዝ።

እዚህ ላይ ፈረንጁ ይጨርሳል። እሱ ከአውሮፕላን ሲወርድ ወደ ባሕር ጠለል ነው የሚወርደው። እኛስ? የአውሮፕላኑ ውስጥ ግፊት ቢበዛ እንደ 2,400 ሜትር ከፍታ ነው። ቦሌ ላይ ስትወርድ 2,300 ላይ ነህ። ማለትም አልወረድክም። ከዚያ በመኪና ወደ ደሴ ከሆነ ደብረ ብርሃን 2,800 ነው፣ ጣርማበር ዋሻ ላይ ከ3,000 ያልፋል፣ ደሴ ራሷ 2,500 ናት። ከአውሮፕላኑ የበለጠ ከፍታ ላይ በአውቶቡስ ትወጣለህ! ስለዚህ ከመጨረሻው መጥለቅ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ዛንዚባር ዋል፣ ከተማውን እይ፣ ከዚያ ብረር፣ አዲስ አበባ ደግሞ አንድ ሌሊት እደር። ወይም ወደ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን ግባ፣ እሱም ከአንድ ሌሊት በኋላ።

በዚያች ባዶ ቀን ስቶን ታውን፣ አሮጌው ከተማ፣ ግቡ። ሕዝቡ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ወሎ ላደገ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፣ አዛኑ ራሱ ቤትህን ያስታውስሃል። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ነው። ማታ ባሕሩ ዳር ምግብ ይሸጣል፣ ኡሮጆ የሚሉትን ሾርባ ቅመሱ። ሲመሽ ዓሣውን ግን ትኩስ መሆኑን አይተህ ግዛ፤ የማድ ቤት ሰው ምክር ነው።

ሲስተር ከሸዋ በር፦

የጣርማበሩን ነገር እኔም አላሰብኩትም ነበር። ጎበዝ።

የተሁለደሬው፦ (የካቲት)

ተመልሰናል። አልሐምዱሊላህም ተመስገንም። ቃል እንደገባሁት ልተርክላችሁ።

መጀመሪያ አንድ ድርጅት ገባን። ስሙን አልጠራም። "ስንት ጀማሪ ለአንድ አስተማሪ?" አልኩ፣ ወልድያ እንዳስተማረኝ። "ሃኩና ማታታ" (ችግር የለም) አለኝ። ይኼ መልስ አይደለም ብዬ ወጣሁ። ሁለተኛው ዘንድ አንዲት አስተማሪ ሁለት ወረቀት አውጥታ አስቀመጠችን። መጠይቁን እያንዳንዱን ጥያቄ አስሞላችን። "የአየር መንገድ ላይ ችግር? ጉንፋን?" ስትል እኔ አስነጠስኩ። እውነቴን ነው።

ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከደሴ ስወጣ ንፍጥ ይዞኝ ነበር። ሦስት ቀን ጠበቅሁ። በአራተኛው ቀን ደኅና ነኝ ብዬ ገባሁ።

ጀልባው ላይ የጎማውን ልብስ ስንለብስ ሚስቴ ሳቀች። ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ነው፤ ፀጉሯንም በሌላ ሸፈነች። "ከዚህ የበለጠ ጨዋ ልብስ የት ይገኛል?" አለች። እኔ ግን እየሳቅሁ አልነበረም፣ ሲሊንደሩ ከባድ ነው፣ ወገቤ ላይ ደግሞ እርሳስ ታሰረብኝ። የሐይቅ ልጅ እርሳስ ታስሮለት ወደ ውሃ! አባቴ ቢያየኝ ምን ይል ነበር?

ምልክቶቹን አስተምራናለች። ደኅና ነኝ ለማለት አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ገጥሞ ክብ መሥራት ነው። አውራ ጣት ወደ ላይ ማንሣት ደግሞ "ወደ ላይ ልውጣ" ነው። ይኼን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። ሌላው፣ ትንፋሽ አለመያዝ። ስትወጣ አየሩ ሳንባህ ውስጥ ይለጠጣል፣ ከያዝከው ይጎዳሃል። "ሁሌ ተንፍሱ፣ ፖሌ ፖሌ" (ቀስ በቀስ) ትላለች።

ወረድን። አንድ ሜትር። አፍንጫዬን ቆነጠጥኩ፣ ነፋሁ፣ ጧ። ሁለት ሜትር። ግራው ጧ፣ ቀኙ ዝም። ሦስት ሜትር ላይ ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ አንድ ሰው ጥፍሩን አስገባ። ከፍ አልኩ፣ ሞከርኩ። ዝም። አሁንም ሞከርኩ። አስተማሪዋ ወደ ጆሮዬ ጠቆመች፣ እኔም ጠቆምኩ፣ እሷም አውራ ጣቷን ወደ ላይ። አለቀ። እሷ ይዛኝ ወጣችና ጀልባው ላይ አስቀመጠችኝ።

ሚስቴ ከረዳቱ ጋር ታች ቀረች። ያቺ በባልዲ ብቻ ውሃ የምታውቅ ሴት።

ማስኩንና ቱቦውን ይዤ ላይ ላዩን ተንሳፈፍኩ። ውሃው ከላይ እስከ ታች ያሳያል። አየኋት። ገመድ እንደያዘ ሕፃን የረዳቱን እጅ ይዛ፣ ቀስ እያለች። የትንፋሿ አረፋ ወደ ላይ እየወጣ ሆዴ ላይ እየፈነዳ ያልፋል። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ትንፋሿ ይነካኛል፣ እሷ ግን ስምንት ሜትር ታች ናት።

ከዚያ ኤሊዋ መጣች።

በጣም ትልቅ ናት፣ የገበታ ያህል። ሚስቴ በደስታ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? አውራ ጣቷን ቀጥ! ላይክ! ረዳቱ "ልውጣ አለች" ብሎ እጇን ይዞ ሽቅብ። እሷ ራሷን ትነቀንቃለች፣ አሁንም ላይክ። እሱ አሁንም ሽቅብ። እኔ ላይ ሆኜ ቱቦው ውስጥ ስስቅ ውሃ ጠጣሁ። ኋላ ክቡ ትዝ ብሏት ክብ ሠራች፣ ተመለሱ፣ ኤሊዋም እግዜር ይባርካት አልሄደችም ነበር።

አውሮፕላኑን በ26 ሰዓት ልዩነት ያዝን፣ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አደርን፣ በማግስቱ ወደ ኮምቦልቻ በረርን። ሐረጎን ስንወጣ ቀኝ ጆሮዬ በመጨረሻ ጧ አለ። ምን ዋጋ አለው።

አሁን ሌላ ጥያቄ ይዤ ነው የመጣሁት። እሷ ሙሉ ኮርሱን እወስዳለሁ ብላለች። በሚቀጥለው ዓመት። 200 ሜትር መዋኘት አለባት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቅ እየወሰድኩ ላስተምራት ጀምሬያለሁ፣ ዳር ዳሩን። ለአዋቂ ሰው መንሳፈፍ ያስተማረ ካለ ከምን እንደሚጀመር ንገሩኝ። እኔ እንዴት እንደቻልኩ አላስታውስም። ታላቅ ወንድሜ ገፍትሮ የጣለኝ ይመስለኛል፤ በእሷ ላይ ደግሞ እሱን አልሞክረውም።

ሲስተር ከሸዋ በር፦

ንፍጥ ይዞህ ነው የሄድከው? ሰኞ ጠዋት ና፣ ጆሮህን ልየው።

ከወልድያ የወጣሁ፦

ፊቷን ውሃ ውስጥ አስገብታ አየሩን በአፍንጫ ማስወጣት አስለምዳት። ከወገብ በማይበልጥ ውሃ። ከዚያ በጀርባ መንሳፈፍ፣ አንተ ከሥር እጅህን ዘርግተህ። ጆሮዋ ውሃ ውስጥ ሲገባ ትደነግጣለች፣ አንገቷን ታነሣለች፣ እግሯ ይሰምጣል። "ሰማይ እይ" በላት። ክንድና እግሩ ከዚያ በኋላ ነው።

ቦርከና ዳር፦

ሶፋውስ?

የተሁለደሬው፦

አሮጌው ላይ ተቀምጠን የኤሊዋን ቪዲዮ እያየን ነው።